የባንችይርጋ ፊት

ብልባላ ውስጥ ዘር የሚያውቅ ሰው ጥሩ ቢባል መጀመሪያ የሚጠራው የባንችይርጋ ስም ነበር። ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በጓሮ በኩል ብቅ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደው የእነ እገሌ ቤት እንዴት ነው?» ይላታል። እሷ ድምፅ ዝቅ ማድረግ አታውቅም። «በእናቱ በኩል ንጹሕ ነው። በአባቱ በኩል ግን ቅድመ አያቱ ከሰው ተለይታ፣ ጎጆ ተቀልሶላት ነው የሞተችው። ጣቷን ያየ የለም። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ትለዋለች፣ ስለ ገብስ አዝመራ እንደሚያወራ ሰው። ቁምጥና በዘር ይወርዳል ብሎ የሚያምን አገር ነው። የጤና ጣቢያ ሠራተኞች «አይወርድም፣ በኪኒንም ይድናል» እያሉ ያስተምራሉ። ሰዉም «እሺ» ይላል፤ ልጅ መዳር ሲመጣ ግን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል።

ክፋት አስባ አልነበረም። የማውቀውን ብናገር ምን አለበት ባይ ናት። ባሏ ገብረ ዮሐንስ በሕይወት ሳለ «አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ» ቢላት፣ «አንተ ጆሮህን ሰብስብ» ያለች ሴት ናት።

እንግዲህ ቁምጥና የሚመስለው ያ ፊት የወጣው እሷ ላይ ነው።

ነገሩ በሳል ጀመረ። በጋውን ሙሉ ሳለች። ጸበል ተጠመቀች፣ ፌጦ በማር ዋጠች፣ አልሻል ሲላት ላሊበላ ሄደች። ከዚያ ወደ ወልድያ፣ ከወልድያም ወደ አዲስ አበባ ላኳት። አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሳንባዋ ላይ ካንሰር እንዳለ፣ ጉበቷም ድረስ እንደ ዘለቀ፣ በቢላ የሚወጣም እንዳልሆነ ነገሯት። ነጋሪዋ ዶክተር ብርቅዬ የምትባል፣ ሲያዩዋት ከባንችይርጋ ልጅ ከፋና ብዙም የማትበልጥ የምትመስል ሐኪም ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፦

«አዲስ መድኃኒት አለ» አለቻት። «በመርፌ አይደለም፣ የሚዋጥ ኪኒን ነው። የድሮው መድኃኒት ያገኘውን ሁሉ ይመታል። ይኸኛው ካንሰሩን ለይቶ እንዲመታ ተብሎ ነው የተሠራው። ግን ገና ሙከራ ላይ ነው፤ አልዋሽዎትም። ምን ያህሉ እንደሚበቃ፣ ምን ያህሉ እንደሚበዛ አናውቅም። ጥቂት ሰዎች ቀድመው ይጀምራሉ፣ በእነሱ ላይ የታየውን አይተን ለሚቀጥሉት መጠኑን ከፍ ወይ ዝቅ እናደርጋለን። ላይጠቅምዎትም ይችላል። እምቢ ቢሉ ማንም አይቀየምዎትም።»

ባንችይርጋ ጥቂት አሰበችና፦

«ድግስ ላይ ጠላ ቀጂዋ ለእንግዳው ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስ የለ?» አለች። «እኔን ቀማሽ ልታደርጉኝ ነው።»

ሐኪሟ ሳቋ መጣ። «እንደሱ ይበሉት። ቀማሽ ግን የቀመሰውን በትክክል መናገር አለበት፣ እሺ? ሌላው የሚጠጣው እርስዎን አምኖ ነው። ኪኒኑን በራስዎ እንዳያቆሙ። ካቆሙም አቁሜያለሁ ይበሉኝ። አልቆጣም።»

«እኔ መዋሸት አልችልበትም፣ ልጄ» አለች ባንችይርጋ። ያን ጊዜ እውነቷን ነበር።

የፈቃዱን ወረቀት አምጥተው ቀለም ሲያቀርቡላት «አውራ ጣት?» ብላ ተቆጣች። «መሠረተ ትምህርት የተማርሁት ለአውራ ጣት ነው?» እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው አስበልጣ ስሟን ጻፈች።

ኪኒኑን ይዛ ብልባላ ተመለሰች። መስከረም ሲጋመስ ሳሉ ራቀላት። ከወንዙ ውኃ ቀድታ ሳትቆም ዳገቱን ስትወጣ ፋና አይታ «እማ፣ ዛሬ እኮ በአንድ ትንፋሽ ወጣሽ!» ብላ አጨበጨበች። ፋና አንድ ልጇ ናት። ትንሽ ሆና ነው አባቷ የሞተባት።

ሳሉ ሲሄድ ፊቱ መጣ። መጀመሪያ አፍንጫዋ ዙሪያ ቀላ። ቀጥሎ ጉንጯ፣ ግንባሯ፣ አገጯ ሁሉ መግል በቋጠረ ሽፍታ ተሸፈነ። ቆዳዋ እየደረቀ ተሰነጠቀ። የጣቶቿም ጫፍ በጥፍሮቿ ጥግ ጥግ ቆሰለ። ለምርመራ አዲስ አበባ ስትሄድ ዶክተር ብርቅዬ አይታ፣ ቅባት ሰጥታ «ከመድኃኒቱ ነው፣ ይታገሱት፣ አያቁሙ» አለቻት። ሳንባዋን በራጅ አንስተው ሲያዩትም እብጠቱ አንሷል ተባለ። ባንችይርጋ ደስ ብሏት ተመለሰች። ነገር ግን ሰው ሳንባ አያይም፤ ሰው የሚያየው ፊት ነው።

ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና መሄድ ጀመረች። መሸፈኗ ይባስ አስወራባት። ሰንበቴ ላይ፣ ዘወትር ከእሷ ዋንጫ ተቀብላ የምትጠጣው ጎረቤቷ «ጠጥቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» ብላ ዋንጫውን ሳትነካው አሳለፈችው። ገበያ ላይ ደግሞ ሁለት ሴቶች ከኋላዋ ሆነው፣ እንድትሰማም እንዳትሰማም አድርገው፦

«የሰው ዘር ስትቆጥር ኖራ የራሷን ዘላው ኖሯል።»

«ኧረ ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

«ትስማ! እኛ የእሷን ስንሰማ አልኖርን?»

ባንችይርጋ ዞራ መልስ መስጠት ነበረባት። ነጠላዋን አጥብቃ አለፈች። ሴትየዋ ያለችው እሷ ራሷ ትለው የነበረውን ነው።

ልክ በዚያው ሰሞን ፋና ታጨች። ልጁ ወንዴ ይባላል፣ ዲያቆን ነው፣ የገነተ ማርያሙ የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ልጅ። ላሊበላ ሲማሩ ነው የተያዩት። ዲያቆን አንዴ ነው የሚያገባው፤ ተሳሳትሁ ብሎ ሌላ ማምጣት የለም። ስለዚህ የካህን ቤት ሲያጭ ከሌላው ይልቅ ይመረምራል።

የባንችይርጋ ታናሽ ወንድም ታፈረ፣ የልጅቷን አባት ተክቶ ሽማግሌ የሚያነጋግረው እሱ ነው፣ አንድ ቀን በሬዎቹን እየነዳ መጣና ደጅ ላይ ቆመ።

«እታለም፣ የመሪጌታ ባለቤት ራሳቸው ሊመጡ ነው። ለኅዳር ሚካኤል ማግስት።»

«ይምጡ።»

«ይምጡማ። እንዲያው…» ታፈረ የበሬውን ቀንድ ያሻሽ ጀመር። «ወሬ ደርሷቸዋል መሰለኝ።»

«የምን ወሬ?»

«እኔ እንጃ። ወሬ ነዋ።»

ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገፈፈችው። «ይኸን ነው አትልም? የመድኃኒት ነው። ሐኪሟ ነግራኛለች።»

«እኔ አምንሻለሁ» አለ ታፈረ ፊቷን ሳያይ። «እነሱ ምን ብለው ያምናሉ? አንቺስ ብትሆኚ ታምኚ ነበር?»

አትዋሽ ነገር፤ አታምንም ነበር። «መድኃኒት ነው ይላሉ እንግዲህ» ብላ ለጠየቃት ሁሉ ትናገር ነበር እንጂ።

ከዚያን ቀን ጀምራ ኪኒኑን ተወችው። ለፋናም ለታፈረም አልነገረችም። የተረፈውን ለሆስፒታሉ መመለስ ስላለባት፣ እንደዋጠች እንዲመስል የየዕለቱን እያወጣች ከጌሾው ሥር ቀበረችው። ጥቂት ነው፣ ልጄ እስክትታይልኝ ነው እያለች። ሽፍታው እየጠወለገ፣ እየረገፈ ሄደ። ለኅዳር ሚካኤል ፊቷ ጠራ። በውኃ ታጥባ በመዳፏ ስትዳብሰው እንባዋ መጣ፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ አላወቀችውም።

አመተ ጊዮርጊስ፣ የመሪጌታ ባለቤት፣ ቀጥ ያለች፣ ንግግሯን የምትቆጥብ ሴት ናት። ስትገባ የባንችይርጋን እጅ ያዘች። ሰላምታው አልቆም እጇን አልለቀቀችም፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። ባንችይርጋ ገባት። እሷም ብትሆን እንዲሁ ነው የምታደርገው። ከዚያ እንግዳዋ፣ ብርሃኑ በባንችይርጋ ፊት ላይ እንዲያርፍ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች።

«ሳል ነበረብሽ ሲሉ ሰማሁ።»

«ብርድ ነው እመት። አለፈ።»

«ፊትሽን ሸፍነሽ ትሄጃለሽም ይላሉ።»

ባንችይርጋ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ጓዳ ውስጥ ፋና ጆሮዋን ጥላ ቆማለች።

«ፀሐይ አስቸግሮኝ ነው» አለች።

አመተ ጊዮርጊስ ረጅም ጊዜ አየቻት። «ደግ» አለች በመጨረሻ። «ሰው የሚለው አያልቅም። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ይሁን።»

ሁሉ ነገር ሰመረ። ፋና እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን። ባንችይርጋ ኪኒኑን ነገ እጀምራለሁ አለች። ነገ ሲደርስ ግን ሠርጉ ሳያልፍ ቢመለስብኝስ ብላ ፈራች። ለሠርጉ የጌሾ ቅጠል እየለቀመች እያለ ሳሉ ተመልሶ መጣ።

በታኅሣሥ ቀጠሮዋ ደርሶ አዲስ አበባ ስትሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ሙሉ መንገድ ሳለች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ከጎኗ ተቀምጠዋል። ገብረመስቀል እባላለሁ አሏት፣ ሸማኔ ናቸው፣ ከሰሜን ሸዋ የመጡ።

«አንቺ ነሽ ኪኒኑን ቀድመሽ የጀመርሽው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እግዜር ይስጥሽ። እኔ ዛሬ ነው የምጀምር። በእናንተ ላይ ያዩትን አይተው ነው ለእኛ የሚሰጡን አሉ።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ይቻላል? ለሐኪሞቹ አልልሽም፣ ለእኔ ንገሪኝ።»

«ይቻላል» አለች። የበለጠ ሳይጠይቋት ስሟ ተጠራና አመለጠች።

ዶክተር ብርቅዬ የሳንባዋን ሁለት ፎቶግራፎች፣ የፊተኛውንና ዛሬ ጠዋት የተነሣችውን፣ መብራት ላይ ሰቅላ ጠበቀቻት። የሐኪሟ ፊት ጠቁሯል።

«እዚህ ላይ አንሶ ነበር። አሁን ግን ከመጀመሪያውም በልጧል። ሁሉንም ኪኒን ውጠዋል አይደል?»

«ውጫለሁ።»

«አንድም ቀን ሳይቀር?»

«አንድም።»

ሐኪሟ ቁጭ አለች። «እንግዲያው መድኃኒቱ አልያዘልንም። አዝናለሁ። እኔ ብዙ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ፊትዎ ላይ ያ ሽፍታ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! መድኃኒቱ የሚሠራላቸው ሰዎች ፊት ላይ ይወጣል መሰለን፣ እያስተዋልን ነው። ገና እርግጠኛ ስላልሆንሁ ያን ጊዜ አልነገርሁዎትም። አሁን ሳየው ጠፍቷል።»

ባንችይርጋ ሁለቱን እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገች። የሸሸችው ነገር የመዳኗ ምልክት ኖሯል።

«ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ…» አለች። «እሳቸውስ?»

«መጠኑ አንሶ ነው ማለት ነው። ለእሳቸው ከፍ እናደርጋለን።»

«ከፍ ቢልስ ይችሉታል?»

«አናውቅም። ተቅማጡ ይጠናል። ደካማ ሰው ናቸው። ግን ያነሰው ካልሠራ ምን እናድርግ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይኸን ተረት ባንችይርጋ ለስንቱ ተርታለች። መድኃኒቱንም የደበቀ ሰው ምን እንደሚባል ግን ተረት አልሰማችም። ሐኪሟ ብዕሯን አንስታ ልትጽፍ ስትል፦

«አልዋጥሁትም» አለች።

ብዕሩ ቆመ።

«ከጥቅምት ማለቂያ ወዲህ አልዋጥሁም። ቀበርሁት።»

«ለምን?»

«ልጄን ልድር። ቆማጣ ናት እንዳይሉኝ።» እንዲህ ጮክ ብላ ስትለው ቃሉ ለራሷ ጆሮ ከበዳት። ስንት ሰው ላይ እንዲሁ ጥላዋለች። «አትጻፊው። መድኃኒቱ አልሠራም ብለሽ አትጻፊ። እኔ ነኝ ያልሠራሁ። ሽማግሌውን በእኔ ውሸት አታጠጪብኝ።»

ዶክተር ብርቅዬ አልተቆጣችም። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አደረገች፣ ተነሥታ በመስኮቱ አጠገብ ቆመች። ብትቆጣት ኖሮ ባንችይርጋ መልስ አታጣም ነበር። አሁን ግን አንገቷን ደፋች።

«ነግረውኛል» አለች ሐኪሟ ዘወር ብላ። «ይኸው ይበቃል። የእርስዎ ውጤት ከሌሎቹ ጋር አይቆጠርም፣ የሽማግሌው መጠንም ባለበት ይቆያል። ለእርስዎ ደግሞ እንደገና እንዲጀምሩ አለቆቼን እለምናለሁ። ከፈቀዱ፣ ሽፍታው ፊትዎ ላይ መመለሱ አይቀርም። ሠርጉ መቼ ነው?»

«በጥር።»

«እንግዲህ…» አለች ሐኪሟ፣ አልጨረሰችውም።

ፈቀዱላት። በመውጫዋ ላይ አባ ገብረመስቀል እጃቸውን አንሥተው «ይማርሽ» አሏት። ጎንበስ ብላ አለፈቻቸው፤ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

ለልደት ሽፍታው ፊቷ ላይ ተመለሰ፣ ከበፊቱም ብሶ። ሳሉ ደግሞ መላላት ጀመረ። የበዓሉ ሕዝብ ከላሊበላ ተበትኖ መሪጌታ ቤታቸው ሲገቡ ጠብቃ፣ ታፈረን አስከትላ ገነተ ማርያም ሄደች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ገባች። አመተ ጊዮርጊስ ልትስማት ተነሥታ፣ ቤቱ መሐል ላይ ቆመች።

«ፀሐይ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሽቼዎት ነው፣ እመት። የሳንባ ሕመም አለብኝ፣ ከባድ ነው። ይኸ የመድኃኒቱ ነው። የዘር አይደለም፣ አይጋባም። ያን ጊዜ ጠፍቶ ያዩት መድኃኒቱን ትቼ ነው።»

«እሱን ማን ያውቃል?»

«ማንም። እኔ ነኝ የምልዎት።»

«አንቺማ አንዴ ብለሽኝ ነበር።»

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መደቡ ላይ ሆነው መቋሚያቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና «ቃል ሰጥተናል» አሉ። «ልጁም አይሰማንም። ቃል አናፈርስም።»

«አናፈርስም» አለች ባለቤታቸው። «ነገር ግን የሠርጉ ለት ካህናቱ ይመጣሉ፣ ዘመዱ ሁሉ ይመጣል። አንቺ ጓዳ ሁኚ። አሟታል እንላለን። አሞሽም የለ? ውሸት የለበትም።»

ታፈረ እህቱን አያት፤ አሁን ቤቱን ታፈርሰዋለች ብሎ ጠበቀ።

«እሺ» አለች ባንችይርጋ።

መንገድ ላይ ብዙ ከሄዱ በኋላ ታፈረ አላስችል አለው። «እሺ አልሽ?»

«አልሁ።»

«አንቺ?»

«ዝም ብለህ ሂድ፣ ታፈረ።»

ፋና ስትሰማ «እንግዲያው እኔም ጓዳ ነኝ፣ ካልሽ አብረን እንደበቅ» ብላ አለቀሰች። «አርፈሽ ተዳሪ» አለቻት እናቷ። «የእኔን እፍረት ለእኔ ተይልኝ።»

የሠርጉ ለት ዳሱ ሞላ። ባንችይርጋ ጓዳ ውስጥ፣ በወጥ ድስቶቹ መሐል ተቀምጣ፣ የገዛ ልጇን ሠርግ በጆሮዋ ዋለችው። ወጥ ሠሪዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ያልፏታል። አንዷ እንጀራ አምጥታ እጇ ላይ በመስጠት ፈንታ አጠገቧ አስቀምጣላት ሄደች። አልከፋትም። እንዲያው አየችው ብቻ።

የሙሽሮቹ መውጫ ሰዓት ሲደርስ ከሙሽራው ወገን አንድ ድምፅ «ጉልበት ይሳም! የልጅቷ እናት የታሉ?» አለ።

ከዚያ የታፈረ ድምፅ መጣ። «እታለም… ተኝታለች። አሟት ነው።»

«በልጇ ሠርግ የሚያስተኛ ምን ያለ ሕመም ነው?» አለ አንዱ ለጨዋታ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቶሎ ተቆረጠ፤ የሚያውቁት የማያውቁትን ጎሸም አድርገዋቸው ይሆናል። ታፈረ «ተኝታለች አልኋችሁ እኮ» አለ እንደገና። ታፈረ ከተወለደ ለማንም ዋሽቶ አያውቅም።

ባንችይርጋ ተነሣች። ወጥ ሠሪዋ «እመት፣ የት ነው?» ብላ ክንዷን ልትይዝ ቃጥታ ተወችው።

ዳሱ ውስጥ ስትገባ ፊቱ ሁሉ ዞረባት። አንዴ ከወጣሁ ይቀልለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም። ጓዳ ሆና ካፈረችው ይልቅ እዚህ አፈረች። አንዲት እናት ልጇን ቀስ አድርጋ ወደ ቀሚሷ ስትስብ አየች። መሪጌታ መሬት አዩ። ባንችይርጋ አልተመለሰችም፤ ወንድሟ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና ጉልበቷን ሰጠች።

ፋና ሮጣ መጥታ ተደፋች። ጉልበቷን ሳመች፣ ቀና ብላ ጉንጯንም ልትስም ስትል እናቷ በእጇ ገታ አደረገቻት፤ ፋና ግን እጇን ገፍታ ሳመቻት።

ቀጥሎ ተራው የወንዴ ነው። ወንዴ ቆመ። ዝቅ ከማለቱ በፊት ዘወር ብሎ እናቱን አየ። አመተ ጊዮርጊስ አዎም አላለችው፣ አይደለምም አላለችው። ወንዴ ዝቅ ብሎ የባንችይርጋን ጉልበት ሳመ፤ በትክክል ሳመ።

«ይባርክህ፣ ልጄ» አለችው። ያችን የዞረች ዓይን ግን አይታታለች። ልጇ የምትገባው ዓይን ወደ እናት እየዞረ የሚጠይቅበት ቤት ነው። አንድ ቀን ፋና ፊት ላይ ብጉር ቢወጣ፣ አንድ ቀን የፋና ልጅ ጣቱን ቢያመው፣ ያች ዓይን እንደገና ትዞራለች። ይኸን ከማንም በላይ የምታውቅ ባንችይርጋ ናት።

እልልታው ቀለጠ፣ ሙሽሪት በቅሎ ላይ ወጣች፣ ሰዉ እየዘፈነ ተከተለ። ታፈረ ተመልሶ መጣና «ነይ እንጂ፣ እስከ ወንዙ እንሸኛት» አላት።

«አንተ ሂድ» አለችው። «ከበቅሎዋ አትራቅ።»